አይሱዙ ኤን ፒ አር፦ የፍሪሲዮን ፔዳል ግማሽ ድረስ ባዶ ነው፣ ደጋግሞ ሲረገጥ ግን ይመጣል

የሞጆ መንገድ (አዳማ)

ሰላም ወገኖች። መኪናው አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ ሞተሩ 4ኤችኤፍ1፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ የሚያለያየው) በዘይት ግፊት የሚሠራው ዓይነት። ከመተሐራ ወደ አዳማ ሽንኩርት ይጭናል።

ፔዳሉን መጀመሪያ ስረግጠው ላይኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ እግር ላይ ምንም አይከብድም። የሚይዘው ወለሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ላይ የኋላ ማርሽ ሳስገባ ይጮሃል፣ አንደኛም አልገባም ብሎ ይታገላል። ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሦስቴ ከረገጥኩት ግን ፔዳሉ ወደ ላይ ይመጣል፣ ማርሹም ሰተት ብሎ ይገባል። አዳማ ፍራንኮ ጋ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ቆሜ እንደገና ስረግጠው ያው ባዶ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም፣ ሞተሩ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ለውጥ የለውም።

እስካሁን የታየው ይህ ነው። የፍሪሲዮኑ የፍሬን ዘይት ጣሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልጎደለም። ታችኛው ፖምፓ (ካምቢዮው ጎን ያለው) ላይ ያለውን የአቧራ ጎማ ገልጬ አይቻለሁ፣ ደረቅ ነው። ካቢና ውስጥ ፔዳሉ ላይም ምንጣፉ ላይም እርጥበት የለም። ከወር በፊት የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ተቀይሯል፣ አየሩም ሁለቴ ወጥቷል። ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሞተሩ ባዶውን አይጮህም።

ጋራዥ የተባልኩት "ካምቢዮ ወርዶ ዲስክ፣ ስፒንጂ ዲስኮና ኩሽኔታ አንድ ላይ ይቀየር" ነው፤ ስፒንጂ ዲስኮ ዲስኩን የሚጫነው፣ ኩሽኔታው ደግሞ ሲረገጥ የስፒንጂ ዲስኮውን ጣቶች የሚገፋው ነው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ምን ምን ልለካ?


ካቻቢቴ

ወንድሜ፣ ካምቢዮውን አታስወርድ። ደጋግሞ በመርገጥ የሚስተካከል ጉድለት ዲስክ ላይ አይገኝም። የተጣመመ ዲስክ፣ የተሰበረ የስፒንጂ ዲስኮ ጣት፣ ዘንጉ ላይ በዝገት የተያዘ ዲስክ፣ እነዚህ አሥር ጊዜ ብትረግጣቸውም ያው ናቸው። ደጋግሞ መርገጥ የሚያደርገው ከጣሳው ተጨማሪ ዘይት ወደ መስመሩ ማስገባት ብቻ ነው። እንግዲህ መፈለግ ያለብህ በመጀመሪያው እርግጫ ላይ ያ ዘይት የት እንደሚባክን ነው። ወይ ላይኛው ፖምፓ (ፔዳሉ የሚገፋው) ውስጥ ጎሚኒውን አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወይ መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ሲጨምቅ ወይም የደከመ ቱቦ ሲነፋ ያልቃል፤ ወይ ደግሞ ታችኛው ፖምፓ ኩሽኔታውን ጣቶቹ ጋ ለማድረስ ብቻ ባዶ መንገድ ይሄድበታል።

ሦስቱን እንዲህ ትለያቸዋለህ። ሜዳ ቦታ፣ ከፊትህ ሰውም መኪናም በሌለበት፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አቆየው። ደጋግመህ ረግጠህ ፔዳሉ ሲመጣ ወለል ድረስ ይዘኸው አንደኛ አስገባና እግርህን ሳታንቀሳቅስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። መኪናው ቀስ እያለ መሳብ ከጀመረ ግፊቱ እየሸሸ ነው፤ ውጭ ጠብታ ስለሌለህ የሚሸሸው ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ነው። ለዚህ ሌላም ምልክት አለው፦ የላይኛው ጎሚኒ ሲደክም ፔዳሉን በዝግታ ስትጫነው ይሰምጣል፣ በፍጥነት ስትመታው ግን ይይዛል። ድንገተኛው ግፊት የጎሚኒውን ከንፈር ግድግዳው ላይ ስለሚለጥፈው ነው። መካኒኮች ፔዳል ሲፈትሹ ሁሌ በፍጥነት ስለሚረግጡ ይህ ጉድለት ያመልጣቸዋል። አንተ በዝግታ፣ ከላይ እስከ ታች አምስት ሰከንድ ወስደህ ፈትነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ረዳትህ ይርገጥ፣ አንተ ከካቢናው ወደ ሻሲው የሚወርደውን ጎማ ቱቦ በእጅህ ሙሉ ጨብጠው። ካቢናው ስለሚነሳና ስለሚወርድ ይህ ቱቦ ብዙ ይተጣጠፋል። ሲረገጥ እጅህ ውስጥ ካበጠ ቀይረው። ቱቦውን በፒንሳ ቆልፎ የመፈተን ልማድ አለ፤ አዲስ ቱቦ ላይ ይሠራል፣ በአሮጌ ላይ ግን ውስጡን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀው ሽፋን እንደ በር ሆኖ ዘይቱ እንዳይመለስ ይዘጋል። ያኔ ችግሩ ይገለበጣል፤ ፔዳሉ ተለቅቆም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም፣ ይንሸራተታል፣ ዲስኩም ይቃጠላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ማስመሪያ ይዘህ ግባ። ታችኛው ፖምፓ ሹካውን (ኩሽኔታውን የሚያንቀሳቅሰውን) የሚገፋበት ዘንግ በአንድ እርግጫ ስንት ሚሊሜትር ይሄዳል? በመጀመሪያው እርግጫ ለካ፣ በሦስተኛው ለካ፣ ሁለቱንም ጻፍ። ፔዳሉ ተለቅቆ እያለ ዘንጉን በእጅህ ወደፊትና ወደኋላ ሞክረው፤ ክፍተት አለው ወይስ ተደግፎ ይቆማል? ያለዚህ ቁጥር የሚነገርህ ሁሉ ግምት ነው።


ደረቅ ጭነት

የላይኛው ፖምፓ ነው፣ ሙሉውን ቀይረውና ተገላገል። ደግሞ መንገድህ ወደ መተሐራ ነው፣ ሙቀት አለ። የፍሬን ዘይት በሙቀት ይቀጥናል። ትንሽ የሞተር ዘይት ብትቀላቅልበት ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ብዙ ሹፌሮች ያደርጉታል።


መለዋወጫ ተራ

ደረቅ ጭነት፣ ስለ ፖምፓው ግምትህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የሞተር ዘይቱን ግን ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ። ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ፣ ሁሉም የነዳጅ ዘር ናቸው፤ ጎሚኒው ይጠጣቸዋል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበጠው ጎሚኒ ግድግዳውን አጥብቆ ስለሚይዝ ፔዳሉ የጠነከረ ይመስላል። ሹፌሩን የሚያታልለውም ይኼ ነው። ከዚያ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ መመለስ ያቅተዋል፣ ዘይቱ ወደ ጣሳው የሚመለስበትን ጠባብ ቀዳዳ እንደዘጋ ይቀራል፣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ይቆያል። መጨረሻው የተቃጠለ ዲስክ ነው። አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ ዘይቱን ቀይሮ ማለፍ አይቻልም፤ ላይኛውም ታችኛውም ጎሚኒ፣ ጎማ ቱቦውም ይቀየራል፣ የብረት ቱቦዎቹም በአልኮል ታጥበው ይደርቃሉ።

ዘይቱ በሙቀት ይቸገራል የሚለው ሐሳብ መሠረት አለው፤ ችግሩን የሚያመጣው ግን መቅጠኑ ሳይሆን የሚስበው ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ዲግሪ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። ታችኛው ፖምፓ ካምቢዮው ጎን ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ሁሉ ይቀበላል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከቀትር በኋላ የሚሰምጥ ፔዳል ካለህ ዘይቱን ቀይር። የጠያቂው ግን ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም አንድ ስለሆነ ይህ አይመስለኝም። ሁለቱም ዶቶች ለዚህ መኪና ይሆናሉ፣ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮኑ ግን አይቀላቀልም። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አትግዙ፣ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ልኬቱ ልሂድ። ካቻቢቴ ለካ ያለውን ቁጥር የምታመሳክርበት ሒሳብ ያስፈልግሃል። በፖምፓዎቹ አካል ላይ ብዙ ጊዜ የውስጡ ስፋት ተጽፎ ይገኛል፣ በኢንች ወይም በሚሊሜትር። ለምሳሌ ላይኛው 20 ሚ.ሜ.፣ ታችኛው 22 ሚ.ሜ. ቢሆንና የላይኛው ፒስተን 30 ሚ.ሜ. ቢገፋ፣ የሚልከው ዘይት 9.4 ሲሲ ገደማ ነው፤ ያ ዘይት ታችኛውን 24.8 ሚ.ሜ. ያስኬደዋል። አንድ ሰው ሳያይ 25 ሚ.ሜ. የሆነ ታችኛ ፖምፓ ቢገጥም ያው ዘይት 19.2 ሚ.ሜ. ብቻ ያስኬደዋል። ፔዳሉ ሲቀልለት ደስ ይለዋል፣ ማርሹ ግን መጮህ ይጀምራል። አየርም እንዲሁ ነው፤ በዚያ 22 ሚሊሜትር ፖምፓ ላይ 1 ሲሲ አየር ከቀረ 2.6 ሚ.ሜ. ገደማ ጉዞ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትመጡ "የኤን ፒ አር ፖምፓ" ብቻ አትበሉ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ኑና ስፋቱን፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትና የቱቦ መግቢያውን ጥርስ አስተያዩ።


የሞጆ መንገድ

አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ለክቻለሁ። አንደኛ አስገብቼ 30 ሰከንድ፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ያዝኩት፤ መኪናው አልተነቃነቀም። በዝግታ ስረግጠውም አይሰምጥም። ቱቦው አያብጥም።

በፖምፓዎቹ ላይ የተጻፈው ላይኛው 3/4 ኢንች፣ ታችኛው 7/8 ኢንች ነው። የፔዳሉ ክንድ የላይኛውን ዘንግ በሚይዝበት ቦታ የክንዱ ጉዞ 28 ሚ.ሜ. ነው። በሒሳቡ ታችኛው 20.6 መሄድ ነበረበት፣ የለካሁት 18 ነው። ክንዱንና የፖምፓውን ዘንግ የሚያገናኘው ፒን ቀዳዳው እንቁላል መስሏል፣ በእጅ ሲነቃነቅ 1.5 ሚ.ሜ. ያህል ይጫወታል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ታችኛው ዘንግ ክፍተት አለው ወይ ላላችሁት፣ ሹካው በሞላ ወደ ኋላ ተጎትቶ ስለታሰረ በእጄ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ሞላው ከሹካው ጫፍ ተነስቶ ሻሲው ላይ ካለ ቡሎን ጋ በሽቦ ታስሯል። ይህ ሞላ የመኪናው ነው?


ቶርኖ ቤት

ልጄ፣ ያገኘኸው ሞላ ነው ችግርህ። ከማስወለቅህ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጥ፤ ሞላ የሚያስፈልገው ፍሪሲዮንም አለና።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በመጀመሪያው የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ላይ ማስተካከያ ዳዶና መቆለፊያ ዳዶ አለ። በዚያ ላይ ኩሽኔታው ከጣቶቹ ርቆ መቆም አለበት፤ ሹካውን የሚመልሰውም ሞላ ነው፣ ዲስኩ በተበላ ቁጥር በዳዶው ክፍተቱን ትመልሰዋለህ። በሁለተኛው ዘንጉ ላይ ዳዶ የለም። ፖምፓው ውስጥ፣ ከፒስተኑ ኋላ፣ ቀጭን ሞላ ተቀምጧል፤ ፒስተኑን ሁልጊዜ በቀስታ ወደ ውጭ እየገፋ ኩሽኔታው ጣቶቹን ነክቶ እንዲቆም ያደርጋል። ዲስኩ ሲሳሳ ጣቶቹ ፒስተኑን ወደ ውስጥ እየገፉ ራሱን ያስተካክላል። ይህኛው የውጭ ሞላ አይፈልግም። የፋብሪካ ሞላ ከሆነ ሹካው ላይ የተበሳ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍም ለሱ የተሠራ መንጠቆ ታገኛለህ። በሽቦ ከሻሲ ቡሎን ጋ የታሰረ ከሆነ ሰው የጨመረው ነው።

የውጭው ሞላ ከውስጡ ስለሚበረታ ፔዳሉ በተለቀቀ ቁጥር ፒስተኑን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ስትረግጥ የመጀመሪያዎቹ ሚሊሜትሮች ኩሽኔታውን ወደ ጣቶቹ ለማምጣት ብቻ ያልቃሉ፤ እግርህ ላይ ባዶ የሚሰማህ ይኸው ነው። ቶሎ ቶሎ ስትረግጥ የላይኛው ፒስተን ከታች ከሚመለሰው ዘይት ቀድሞ ስለሚመለስ ከጣሳው ተጨማሪ ይስባል፣ ሁለተኛው እርግጫም የተሻለ ይሄዳል። ትንሽ ስትቆም ሞላው ያን ተጨማሪ ዘይት ወደ ጣሳው ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ከዜሮ ትጀምራለህ። ጣሳህ የማይጎድለውም፣ ስትይዘው የማይሰምጠውም፣ ሙቀት የማይለውጠውም በዚህ ነው።

ዳዶ ከሌለው ሞላውን ፍታውና ዘንጉ ራሱ ወደ ውጭ ስንት ሚሊሜትር እንደሚወጣ ለካ። ጣሳው እንዳይጎድል አትስጋ፣ በእያንዳንዱ 1 ሚ.ሜ. ከ0.4 ሲሲ በታች ነው የሚወስደው። ዘንጉ ካልወጣ የውስጡ ሞላ የለም ማለት ነው፤ ጎሚኒው ሲቀየር ወድቆ ወይም ተረስቶ ይሆናል። ፖምፓውን ከፍተህ እይ።

ከ20.6 ወደ 18 የወረደውም እንቆቅልሽ አይደለም። የፒኑ 1.5 ሚ.ሜ. ጨዋታ ታች ላይ 1.1 ሚ.ሜ. ገደማ ይበላል። ላይኛው ፒስተን የመመለሻ ቀዳዳውን አልፎ እስኪዘጋ 1 ሚሊሜትር ያህል በባዶ ይሄዳል እንበል፣ ያም ታች 0.7 ነው። የቀረው 0.8 ሚ.ሜ. ቢሆን አየር ነው ብንለው እንኳ 0.3 ሲሲ ብቻ ነው። አየሩ በደንብ ወጥቷል። የተቀየረው ጎሚኒም ሥራውን እየሠራ ነው።

ፒኑን ግን እንዲሁ አትለፈው። የፔዳሉ ክንድ ወርዶ ቀዳዳው በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይበሳ፣ ወይም ሰፍቶ ተበስቶ ቡሽ ይግባበት፣ አዲስ ፒንና አዲስ ኮፒሊያ ይደረግለት። ትንሽ ሥራ ነው፤ 1.5 ሚ.ሜ. እዚያ ማለት እግርህ ሥር አምስትና ስድስት እጥፍ ነው። ሲገጠም የላይኛው ዘንግ ከፒስተኑ ጋር 1 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይኑረው። ፔዳሉን በጣት ስትነካው ከመክበዱ በፊት ከ5 እስከ 6 ሚ.ሜ. ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው። ያ ክፍተት ከጠፋ የመመለሻው ቀዳዳ ይዘጋና ቅድም መለዋወጫ ተራ ያለው መቃጠል ይመጣል፤ ፔዳሉን ከፍ ለማድረግ ብለው ይህን ዘንግ የሚያስረዝሙ ብዙ ናቸው፣ ስህተት ነው።


ካቻቢቴ

ጋሼ ያሉት ሁሉንም ነገር ይገልጻል፣ እኔ ሞላውን አልጠየቅኩም ነበር። ታችኛው ፖምፓ መከፈት ካለበት አከፋፈቱን ልጨምር።

ፒስተኑን በአየር ግፊት ስታስወጣ አፉን በጨርቅ ያዝ፣ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ውስጡን በናፍጣም በቤንዚንም አትጠብ፤ በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት። ግድግዳውን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ፖምፓው ይቀየር፣ አዲስ ጎሚኒ እዚያ ላይ አይከርምም። ጭረቱ ጥፍር ካልያዘ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በፍሬን ዘይት አርሰህ ዙሪያውን ብቻ፣ ጥቂት ዙር አሻሸው፤ ከፊት ወደ ኋላ ከሳብከው ዘይት የሚያልፍበት መንገድ ትሠራለህ። የጎሚኒው ከንፈር ወደ ዘይቱ ይዙር። ሞላው ሰፊና ጠባብ ጫፍ ካለው ሰፊው ወደ ፖምፓው ወለል፣ ጠባቡ ወደ ፒስተኑ ነው።

ስትመልሰው የአየር ማውጫው ቡሎን ከቱቦው መግቢያ በላይ መሆኑን እይ። ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንዳንድ ፖምፓ አንድ ዓይነት ጥርስ ስላላቸው ይለዋወጣሉ፤ ከተለዋወጡ እስከ ማታ ብትረግጥ አየሩ ከላይኛው ኪስ አይወጣም። ካቢናው ወርዶ ተቆልፎ ነው አየር የሚወጣው፤ ካቢናው እንደተነሳ ከሠራኸው ላይኛው ፖምፓ ስለሚያዘነብል አየር ይደበቅበታል። ካቢናውን ለሌላ ሥራ ስታነሳም የመደገፊያው ብረት ሳይቆለፍ ጭንቅላትህን ሥሩ አታስገባ።

ረዳት ኖሮህ እያስረገጥክ ብታወጣ ይሆናል፤ ይዞ ሲቆይ ቡሎኑን ሩብ ዙር ትከፍታለህ፣ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ትዘጋለህ፣ በየአምስት እርግጫው ጣሳውን ትሞላለህ። እኔ የምመርጠው ግን ከታች መግፋትን ነው። 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ቡሎኑ ጫፍ ላይ ጥብቅ የሚል ግልጽ ቱቦ፣ ግማሽ ሊትር አዲስ የፍሬን ዘይት። መጀመሪያ ከጣሳው ግማሹን ቅዳ፣ አለዚያ ሞልቶ ይፈስና የካቢናውን ቀለም ይልጠዋል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥበዋለህ። ሲሪንጁን ሞልተህ ቱቦው ውስጥ አየር እንደሌለ አረጋግጥ፣ ቡሎኑን ክፈት፣ በዝግታ ግፋ። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ ጣሳው ውስጥ ሲቡለቀለቅ ታየዋለህ። መቡለቅለቁ ሲያቆም ቡሎኑን ዝጋ። አሮጌው ዘይት ጠቁሮ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች አጥበህ አስወጣው፤ ጭቃውን ወደ ላይ ከገፋኸው ያንን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍነዋል።


የሞጆ መንገድ

ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ዘንጉ ላይ ዳዶ የለም። ሞላውን ስፈታው ዘንጉ ራሱ 8 ሚ.ሜ. ወጣና ቆመ፤ የውስጡ ሞላ አለ ማለት ነው፣ ፖምፓውን አልከፈትኩትም። ከ18ቱ ሚሊሜትር 8ቱ በባዶ ይሄድ ነበር፣ ለሥራ የሚቀረው 10 ብቻ። አሁን በመጀመሪያው እርግጫ ፔዳሉ ከላይ ይይዛል፣ የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል። ፒኑም ተሠርቶ ዘንጉ አሁን 19 ይሄዳል።

አንድ ነገር ብቻ። ሞተሩ በሚኒሞ ሆኖ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሲርር የሚል ድምፅ መጣ። ፔዳሉን በእግር ጣት ያህል ስነካው ይጠፋል። ሞላውን ያሰረው ሰው ለዚህ ይሆን?


ቶርኖ ቤት

አዎ፣ ለዚህ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ኩሽኔታውን ከጣቶቹ አራቀው፤ ድምፁ ሲጠፋ ፔዳሉ ሞተ።

የድምፁን ቦታ እንዲህ ለየው። በትንሽ ንክኪ፣ ፍሪሲዮኑ ገና ሳይለቅ የሚጠፋ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ወይም የሹካው መንቀጥቀጥ ነው። የሚጠፋው ፔዳሉ ወለል ሲደርስና የካምቢዮው ዘንግ ሲቆም ብቻ ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። እግር ሳይነካው ዝም ብሎ፣ ሲረገጥ ግን የሚያጉረመርም ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ውስጡ ደርቋል፣ ወይም ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ብረት) መሃል ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ተበልቷል።

ያንተ የመጀመሪያው ነው። ሲርርታው ቀጭን ሆኖ ከቆየ ዛሬ መኪና አያስቆምም። በየቀኑ ስማው፤ ወፍራም ከሆነ፣ ሲረገጥም መሰማት ከጀመረ ወይም ፔዳሉ እግርህ ሥር ከተንቀጠቀጠ አትዘግይ፤ ኩሽኔታው ከነከሰ የስፒንጂ ዲስኮውን ጣቶች ይቆርጣል፣ ያኔ ሁሉም ይቀየራል። እስከዚያ እግርህን ፔዳሉ ላይ አሳርፈህ አትንዳ፣ መብራት ላይም ማርሹን አውጥተህ ፔዳሉን ልቀቅ።

ካምቢዮው የሚወርድበት ቀን ሲመጣ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይረህ አትዝጋው። የሹካው ድጋፍ ኳስና ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ይታይ፤ ጎድጓዳው ሊበሳ ከደረሰ ሹካው ይቀየር። ጣቶቹ ላይ ኩሽኔታው የቆረጠው ቦይ ካለ ስፒንጂ ዲስኮውም አብሮ ይሂድ። ዲስኩ ላይ የሪቬቶቹ ራስ ከገጹ በታች ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ካልቀረው አትመልሰው፣ ለመሳሳቱ ብቻ ሁለተኛ ጊዜ ካምቢዮ ታወርዳለህ። የቮላኖው መሃል ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ በጣት አዙራት፣ ከሻከረች ቀይራት፤ ዋጋዋ ከድካሙ ጋር አይወዳደርም። ከሞተሩ ኋላ ዘይት ከረጠበ ጎሚኒው በዚያው ይቀየር።

ኩሽኔታውን በናፍጣ እንዳያጥቡት ተቆጣጠር። አዲሱም ቢሆን ተዘግቶ የመጣ ግራሶ ነው ያለው፣ ናፍጣ ገብቶ ያሟሟዋል፣ ወዲያው መጮህ ይጀምራል። የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ በጣት ጫፍ ተቀብቶ ትርፉ ይጠረግ፤ ከበዛ ተፈናጥሮ ዲስኩ ላይ ይወጣል። ዲስኩን መሃል ለማድረግ አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ተጠቀሙ፣ በዓይን አትገምቱ። የስፒንጂ ዲስኮው ቡሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ፣ በየተራ ግማሽ ዙር እየተባሉ ይጥበቁ። ካምቢዮው ሲገባ ክብደቱ በክሪክ ይያዝ። ዘንጉ ዲስኩ ውስጥ ገብቶ ካምቢዮው ለአፍታ እንኳ ተንጠልጥሎ ከቀረ አዲሱ ዲስክ ይጣመማል፣ የኋላ ማርሹም እንደገና ይጮሃል፤ ያኔ ግን ደጋግሞ መርገጥ አያድነውም።

ሽቦውንና ሞላውን ደግሞ ከመኪናው ላይ አውጣው። መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከቀረ ድምፁን የሰማ ሌላ ሰው መልሶ ያስረዋል።